በአረቄ ቤት ደጅ ይቅርታ የጠየቁት አባት፣ አቡነ ኃይለኢየሱስ ላምቤቦ (1931–2017 ዓ.ም.)

አቡነ ኃይለኢየሱስ ከአባታቸው ከአቶ ላምቤቦ ኤርጊቾና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሎምባሜ፣ ጣልያን አገሩን ይዞ በነበረበት በ1931 ዓ.ም.፣ በጎምቦራ ሀቢቾ አካባቢ ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት በካቶሊክ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በ1958 ማዕረገ ክህነት፣ በ1979 ማዕረገ ጵጵስና ተቀበሉ። ጋብቻን ለእግዚአብሔር ብለው ቢተዉም፣ ለእኛ ለወንድምና ለእኅት ልጆች አባት ነበሩ።

የያዙትን የማይለቁ ሰው ነበሩ። ትዳር የሚያፈርሰው አረቄ ነው ብለው ከሆሳዕና እስከ ሾኔ በየገበያው ዘመቱበት። በገበያ ቀን ወንበር አስወጥተው አረቄ ቤት ደጅ ይቀመጡና የሚመጣውን ሁሉ በስሙ እየጠሩ የልጆቹን ደኅንነት ይጠይቃሉ። ሰውየውም «ጨው ልገዛ ብዬ ነው አባታችን» እያለ ይመለሳል። በጓሮ በኩል መግባት የለመዱም ነበሩ።

በ1986 ግን ቅንዓታቸው ልክ አለፈ። ሾኔ ላይ፣ በቅዳሴ መካከል፣ አረቄ የሚያወጡ አንዲት ባል የሞተባቸው ሴትን በመጠሪያ ስማቸው ጠርተው ገሠጹ። በእኛ ወግ የወለደች ሴት የምትጠራው በልጇ ስም ነው። የቤቴል እናት ተብለው የሚከበሩት ሴት ነጠላቸውን ተከናንበው ወጡ፤ ቤተ ክርስቲያንም አልተመለሱም። ሽማግሌ ቢላክባቸው «በሰው ፊት ያዋረዱኝ በሰው ፊት ያንሡኝ። አረቄውንም አራት ልጅ ላሳድግበት ነው እንጂ ለጨዋታ አላወጣሁትም» ብለው መለሱ።

ጳጳስ አረቄ ቤት ሄዶ ይቅርታ ከጠየቀ ዘመቻው መሳቂያ ይሆናል ብለው የመከሯቸው ብዙ ነበሩ። አቡነ ኃይለኢየሱስ ወራት አመነቱ። በመጨረሻ ገበያው በሞላበት ቀን፣ ያለ ወንበር፣ ከሴትየዋ ደጅ ቆሙ።

«የቤቴል እናት፣ አረቄው ጥፋት ነው ማለቴን አልተውም። አንቺን ማዋረዴ ግን የእኔ ጥፋት ነው፤ ይቅር በዪኝ።»

የቤቴል እናትም «ፀሐዩ በረታ አባታችን፤ ይግቡ» አሉ።

አረቄው ያን ቀን አልቆመም። ልጆች ሳይበሉ ስብከት እንደማይሰማ የገባቸው አባት ግን ለሚያስተዳድሩት ትምህርት ቤት ዳቦ መጋገሪያ አሠርተው ሥራውን ለእኒሁ እናት ሰጡ። በዓመቱ አረቄውን ራሳቸው ሴትየዋ ተዉት። «በአረቄ እጅ የተጋገረ» ብሎ ወላጅ ሲያጉረመርም፣ አቡነ ኃይለኢየሱስ መጀመሪያ የወጣውን ዳቦ በተማሪው ፊት ቆመው በሉ።

በ2006 ጡረታ ወጥተው ሆሳዕና ኖሩ። የስኳርና የኩላሊት ሕመም ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ቢያውላቸውም፣ የሚጠይቃቸውን ሁሉ ከመጠጥ መከልከላቸውን አልተዉም። በሕይወት ሳሉ ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅም «አረቄን አሸነፈ ብላችሁ እንዳትጽፉ፤ ዛሬም ይሸጣል። የቀረውን እናንተ ሥሩ» ብለው አዘዙን። ስለዚህ አልጻፍንም።

ሰኔ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ86 ዓመታቸው ዐርፈዋል። እኅታቸው ወይዘሮ ተናኜ፣ አሥራ ዘጠኝ የወንድምና የእኅት ልጆች፣ እንዲሁም ዛሬ ከቤተ ዘመድ ጋር በፊተኛው ወንበር የተቀመጡት የቤቴል እናት ሐዘንተኞቻቸው ናቸው።

እስከ መጨረሻ የደከመችውን ነፍሳቸውን እግዚአብሔር በምሕረቱ ያሳርፍልን፤ ለእኛም የጀመሩትን የምንጨርስበት ጉልበት ይስጠን። አሜን።