ከራስህ ደም

ውድ አባዬ፣

ባለፈው ማክሰኞ ድድህን አይታ «ድነዋል፣ እንኳን ደስ ያለዎት» ያለችህ ሐኪም እኔ ልጅህ ነኝ። እባክህ ቁጭ ብለህ አንብበው።

መጀመሪያ የመጣህ ቀን ካርዱ ላይ ስምህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከሙዚቃ ባንድህ ጋር «ለሁለት ሳምንት ነው» ብለህ ስትወጣ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ይኸው ሃያ ስድስት ዓመት ሆነው። ያደግሁት በአያቴ ስም ነው፤ ፊቴም በሐኪም ጭንብል እስከ ዓይኔ ተሸፍኗል፤ በምን ታውቀኛለህ? «እርስዎ» እያልኩ ያናገርኩህ ለአክብሮት ብቻ አልነበረም። «አንተ» ካልኩህ ድምፄ የሚያጋልጠኝ መስሎኝ ነው።

የታች ድድህ ሸሽቶ የፊት ጥርሶችህ እስከ ሥራቸው ተራቁተው ነበር። ትራምፔትህን ከንፈርህ ላይ ስትጫነው ይነቃነቃሉ።

«እሬትና ማር እየቀባሁ ነበር ዶክተር» አልከኝ። «ማሩ ለድዴ፣ እሬቱ ለኃጢአቴ።»

ሳቄ አመለጠኝ። ሁለቱም የድድ ሕዋሳትን እድገት ያግዙ እንደሆነ የሚያጠኑ ሰዎች እንዳሉ፣ ላንተ ግን ብቻቸውን እንደማይበቁ ነገርኩህ። ከክንድህ ደም ቀድቼ፣ በማሽን አሽከርክሬ፣ ቁስል የሚያሽረውንና አዲስ ሥጋ እንዲያድግ የሚያግዘውን ክፍል ለይቼ ድድህ ሥር እንደምሰፋው አስረዳሁህ።

«የራሴን ደም?» አልክ። «የሌላ ሰው አይሻልም? የኔ ደም እኮ እምነት አይጣልበትም።»

ማሽኑ ሲዞር መስኮቱ ጋ ቆምኩ። የከሰዓቱ ብርሃን ክፍሉን እንደ ውሃ ሞልቶታል። የማሽኑ እምምታ ድሮ ጎረቤት እንዳይሰማ በፎጣ አፍነህ የምትለማመደውን ዜማ መሰለኝ፤ የት እንዳለሁ ጠፋኝ። ቱቦውን ሳወጣው ቀዩ ከታች ቀርቷል፣ ከላይ ማር የመሰለ የረጋ ነገር ተንሳፍፏል። መዳፌን ሞቀኝ። የዚህ ደም እኩሌታ እኔም ውስጥ ይዞራል አልኩ።

ከዚያ፣ አባዬ፣ ልደፋው ቃጣኝ። «ጥርሶቹ ይርገፉ! ሁለተኛም አይንፋ» አልኩ በልቤ።

ዞር ስል አንተ ወንበሩ ላይ ዓይንህን ጨፍነህ፣ በሦስት ጣቶችህ ጭንህ ላይ የሆነ ዘፈን ትጫወታለህ።

«ልጅ አለዎት?» አልኩህ።

«አለች» አልክ ዓይንህን ሳትገልጥ። «እኔ ነኝ የሌለሁት።»

እንደዚያ ቀን ተጠንቅቄ ሰፍቼ አላውቅም።

አንዱን ጥርስ ማትረፍ አልቻልኩም። በሌሎቹ ላይ ግን ድድህ በየሳምንቱ ትንሽ በትንሽ፣ ሮዝ ሆኖ ወጣ። ማክሰኞ ዕለት ስትወጣ እንግዳ መቀበያው ውስጥ ትራምፔትህን አውጥተህ አንዲት ረጅም ድምፅ ነፋህ፤ ተራ ጠባቂዎቹ አጨበጨቡልህ። እኔ ዕቃ ክፍል ገብቼ አለቀስኩ።

ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ አልዋሽህም፤ ገና ነኝ። ግን ያንን ቱቦ ሳልደፋው በመቅረቴ ደስ ብሎኛል።

ቀጣዩ ቀጠሮህ ዓርብ ነው። እንደ ታካሚዬ ብቻ ልትመጣ ከፈለግህ በፈለግህበት ሰዓት ና፤ ምንም ሳልል አክምሃለሁ። እንደ አባቴ ከመጣህ ግን የመጨረሻው ተረኛ ሁን። ከኋላህ የሚጠብቅ ሰው እንዳይኖር።

እስከዚያው ለስላሳ ብሩሽ ተጠቀም።

ልጅህ