ወፎቹ እስኪሄዱ

ውድ ክንፌ፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ አልጀምርም፤ መልሱን ልጅህ ኩንዲል ነግሮኛል። ፖርት ሞርስቢ ከተማ ሐኪም ዘንድ ከወሰደህ ወዲህ ስኳር ድንቹን መብላት እንደተውክ፣ ስምህን ሲጠሩህም ዞር እንደማትል። እሱንም «አንተ የማን ልጅ ነህ?» አልከው አሉ። ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ተሰበረ። እኔ አፌ መቼ ያርፋል፣ «ድሮም ሰው አይለይም» ብዬ ቀለድኩበት። ያለቀስኩት ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ነው።

እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ስሜን ሲጠሩኝ ዞር አልልም። ሰባኪው «ወንድም ፓንጋ» ሲለኝ ሌላ ሰው የገባ ይመስለኛል። ምን ላድርግ፣ ዕድሜ ልኬን የለመድኩት ያንተን አጠራር ነው። ያቺን የመጀመሪያዋን ቀይ በቀቀን ከጌተሙ ዛፍ ላይ የጣልናት ጊዜ ትዝ ይልሃል? ረጅም ጭራዋን አባትህ ለራስ ጌጡ ወሰደው፤ ለእኛ የቀረችው እፍኝ የማትሞላ ሥጋ ነበረች። ጠበስናትና አንድ አንድ ክንፍ ደረሰን። በአገራችን አንዲት ጉርሻ የተካፈሉ ሰዎች በዚያችው ይጠራሩ የለ፣ ከዚያን ቀን ወዲህ አንተም ክንፌ፣ እኔም ክንፌ። እህቴን ስታገባ ሽማግሌዎቹ «አሁንማ አማቾች ናችሁ፣ ተከባበሩ» ቢሉንም አልተውነውም። እሷም አፈር ለበሰች፣ አንተም ለሕክምና ቆላ ወረድክ፤ በዚህ ሸለቆ ክንፌ ብሎ የሚጠራኝ ጠፋ።

ኩንዲል «አጎቴ፣ አንተን ካልለየ ማንንም አይለይም፤ እስቲ ደውለህ አናግረው» ሲለኝ ፈራሁ። ብትረሳኝስ? ያን ስም እኔ ብቻዬን ይዤው ልቀር ነው። ዛሬ ነገ ስል ከረምኩ። በመጨረሻ ጢሜን ተላጭቼ፣ ኔትወርክ ወዳለበት ኮረብታ ወጣሁ። ኦቾሎኒ የምትሸጠው ኖሬ ስልኳን አዋሰችኝ። አገጬን አየችና «አባባ፣ ሙሽራ ልታናግር ነው እንዴ?» ብላ ሰዉን አሳቀችብኝ።

ኩንዲል ስልኩን ጆሮህ ላይ አደረገልህ። ትንፋሽህ ተሰማኝ።

«ክንፌ» አልኩህ።

ስልኩን ወደ ጆሮዬ ይበልጥ አስጠጋሁት።

«ክንፌ፣ እኔ ነኝ።»

«ዝም በል እንጂ» አልከኝ በሹክሹክታ። «እየመጡ ነው፤ ታስበረግጋቸዋለህ።»

የት እንዳለህ ገባኝ። ጌተሙ ላይ፣ ወፍ ከምናደባበት የቅጠል ማማችን ውስጥ ነህ፤ ቀስትህ ጉልበትህ ላይ ነው፤ አጠገብህ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ወፎቹ አበባው ላይ እስኪሰፍሩ ደግሞ ማማ ውስጥ ወሬ የለም። ስንት የማወራህ ነገር ይዤ መጥቼ ዝም አልኩልህ። ኖሬ ከጎኔ «ኧረ ተናገር አባባ፣ ሂሳቡ እያለቀ ነው» ትለኛለች። በእጄ ዝም አሰኘኋት። አንተ ትተነፍሳለህ፣ እኔ እተነፍሳለሁ፤ ሂሳቡ እስኪያልቅ እንደዚያው ቆየን።

ሲቆረጥ ኖሬ፣ ነገሩን ነግሬያት ስለነበር፣ «ለየህ?» አለችኝ።

«ለየኝ።»

«ታዲያ ምን አለህ?»

«ዝም በል አለኝ» አልኳት። ሳቀች። እኔ ከኮረብታው እስክወርድ እንባዬን ስጠርግ ነበር።

ለዚህ ነው የምጽፍልህ፤ ወረቀት ወፍ አያስበረግግም። ጌተሙ ዘንድሮ አብቧል። ማማውን ብቻዬን ጠገንኩት፤ ጉልበቴ እምቢ እያለኝ እያማረርኩ ወጣሁ። ቀያዮቹ መጡ። እንደ ልማዳቸው ቁልቁል ተንጠልጥለው፣ ምላሳቸውን አበባው ውስጥ እየሰደዱ ወለላውን ላሱት። ቀስት አልያዝኩም። ያንተን ቦታ ክፍት ትቼ ጥግ ላይ ነበርኩ። ከአንተ ጋር ዝም ማለት ደስ ይለኝ ነበር፤ ለብቻ ሲሆን ግን ያው ዝምታ ያስፈራል። ናፍቀኸኛል። በዚያ ሁሉ ዘመን እንዲህ ብዬህ አላውቅም፤ አጠገቤ ስለነበርክ አላስፈለገኝም።

ኩንዲል ልጄ፣ ይህን ስታነብለት በሹክሹክታ ይሁን። ስኳር ድንቹንም ብላ ብላ አትበለው። ሳትናገር፣ ፊቱንም ሳታይ፣ እጁ ላይ አኑርለት። ማማው ላይ የምንበላው እንዲያ ነበር።

አንተም ክንፌ፣ አትቸኩል። እኔ እዚሁ ነኝ፣ ዝም ብያለሁ። ወፎቹ ሲሄዱ ጥራኝ።

ያው ክንፍህ