ከሰው የጸዳው ፎቶግራፍ

ለተከበሩ የሠፈራችን የመታሰቢያ ሥፍራዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ
ኢየሩሳሌም

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱልን? ጉልበትዎ ይበርታ፣ ዓይንዎም አይድከም፤ ገና ብዙ የሚመርጡት ፎቶግራፍ አለና። እኔ በኢትዮጵያ መንገድ አጠገብ ትንሽ ፎቶ ቤት ያለኝ ትሁን ነኝ። በአማርኛ የምጽፍልዎ በዕብራይስጥ መቆጣት እንጂ ማክበር ገና ስላልለመድኩ ነው።

አንደኛ፣ ናዚዎች የፈጇቸው የአንዲት ከተማ አይሁድ ወገኖቻችን ስም የተቀረጸበትን፣ በቃታሞኒም ሠፈር መናፈሻ ያለውን ሐውልት ፎቶ እንዳነሳ ስላዘዙኝ አመሰግናለሁ። «ንጹሕ ይሁን፤ ሰውም ኮተትም አይታይበት» ማለትዎ ሥራዬን አቅልሎልኛል።

ሁለተኛ፣ ስደርስ ፕኒና የሚባሉ የሰማንያ ሰባት ዓመት አሮጊት ድንጋዩን በእርጥብ ጨርቅ ሲያብሱ አገኘኋቸው። ለሙታን መታሰቢያ እንደምናደርገው ከግርጌው ጠጠሮች ደርድረዋል። ጣታቸውን ከአንድ ስም ላይ አሳርፈው፣ «ይቺ ታላቅ እኅቴ ሪቭካ ናት። ፎቶ የላትም። እባክህ ልጄ፣ ከስሟ ጋር አንሳኝ» አሉኝ።

«እማማ፣ አልተፈቀደም፤ ትንሽ ዞር ይበሉልኝ» አልኳቸው።

ዞር አሉ። እኔም ጠጠሮቹን ጠርጌ ከቆሻሻ መጣያ ጨመርኩ። «ኮተት» ያሉት እነርሱን ይሁን አይሁን እንኳ ደውዬ አልጠየቅሁም። ክቡርነትዎ በዚያ ሰዓት ቢሮዎ ነበሩ፤ የጠረገው የእኔ እጅ ነው።

ሦስተኛው አቤቱታ በእርስዎ ላይ ሳይሆን በራሴ ላይ ነው። እኅቴ አመለወርቅ ወደዚህ አገር በእግር ስንሰደድ በልጅነቷ በሱዳን መንገድ ላይ ሞታ ስትቀር ፎቶ አልነበራትም፤ እናቴ የልጇ መልክ እየጠፋባት ስታለቅስ ነው ያደግሁት። ካሜራ የያዝኩት በዚህ ምክንያት ነው እያልኩ ለሰው ሁሉ ሳወራ ኖሬአለሁ።

ከሦስት ቀን በኋላ የፕኒናን ቤት አፈላልጌ አንኳኳሁ። ልጃቸው ሆዲያ አስገባችኝ። ይቅርታ ለምኜ፣ «አሁኑኑ እንሂድና ላንሳዎት» አልኳቸው። እርሳቸው ግን፣ «ተወው ልጄ። አንተ የታዘዝከውን ነው ያደረግኸው። እኔም ዞር በይ ስባል ዞር ማለትን ከልጅነቴ ለምጄዋለሁ» አሉኝ። አልመጡም። ሻይ ግን አቀረቡልኝ።

ስለዚህ ያን ዕለት አንስቼ የላክሁልዎንና በቢሮዎ መግቢያ የሰቀሉትን ፎቶግራፍ ያወርዱልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ። እንዳዘዙት አምሯል፤ አንድም ሰው የለበትም። ሐውልቱም ቢሆን የቆመው አንዲት ከተማ ልክ እንዲሁ ከሰው ስለጸዳች ነው።

ዘመንዎ እንደ ግድግዳዎ ያማረ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ለታዘዘው ሁሉ «እሺ» ያልኩት፣ ዛሬ ግን እንቅልፍ የነሣኝ

ትሁን፣ ፎቶግራፍ አንሺ

ማሳሰቢያ፦ የላኩልኝ የምስጋና ደብዳቤ «ለውድ ታከለ» ይላል። ታከለ የቢሮዎ ጽዳት ሠራተኛ ነው። ሁለታችንም ኢትዮጵያውያን ነንና አልተቀየምኩም፤ ደብዳቤውንም አድርሼለታለሁ። በአሥራ አንድ ዓመት አገልግሎቱ አንድም ቀን ተመስግኖ ስለማያውቅ እጅግ ደስ ብሎታል።