አባየና አሮጌዎቹ የፑል ዱላዎች

እታለሜ ንግሥቴ፣ ናፍቆቴ ካለሽበት ድረስ ይምጣልሽ። እንዴት ከርመሻል? የወገብሽ ሕመም ተሻለሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ስትይ ይይዝሻል? የድሬዳዋን ሙቀትስ ለመድሽው? ባልሽ ምናለ እንዴት ነው? ልጃችን ሄቨን ፈተናዋን እንዴት አደረገች? አማትሽ እማማ ውዳሴስ ጉልበታቸው ጠናላቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። አባየ በጣም ደኅና ናቸው። እኔ ደግሞ ከነንዴቴ አለሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትይ። አንቺ በደወልሽ ቁጥር አባየ ድምፁን ከፍ አስደርገው አጠገቤ ቁጭ ይላሉ። «አባየን ልውሰዳቸውና እኔ ዘንድ ይረፉ ወይ?» ብለሽ ሦስት ጊዜ ጠየቅሽኝ፤ ሦስቴም «እንነጋገራለን» አልሁሽ። እሳቸው ዓይን ዓይኔን እያዩኝ ምን ልበልሽ? ጎረቤታችን መምህር ቴዎፍሎስ ለእህቱ ሠርግ ወደ እናንተ ስለሚመጣ ይኸው በእሱ እጅ ላክሁልሽ። አንብበሽ ስትጨርሺ ስልክ ላይ አንዲት ቃል እንዳታነሺ፤ አደራ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት ስለከረመ አዲስ የፑል ዱላ ከአዲስ አበባ መምጣት ካቆመ ቆይቷል። እዚህ ፍኖተ ሰላም ያሉት ፑል ቤቶች ዱላቸው ተሰባብሮ አለቀ። ተጫዋቹ ሲሸነፍ ወለሉን ይመታበታል፤ የባሰበትም ይደባደብበታል። መጀመሪያ አንዱ ሊጠገን እኔ ዘንድ መጣ፤ ከዚያ ሌላው። በየካቲት መጨረሻ መናኸሪያው አጠገብ ፑል ቤት ያለው አቶ ስመኘው ሰፋ ያለ አዳራሽ ሊከፍት ነውና «ለዳግማይ ትንሣኤ ዐሥራ ሁለት አዲስ ዱላ ሥሪልኝ» አለኝ። ከቴክኒክና ሙያ ከወጣሁ ጀምሮ የወንበር እግርና የአልጋ ራስጌ ስጠርብ ነው የኖርሁ። «ሴት ልጅና ማሽን ምን አገናኛቸው» የሚሉኝን ሁሉ ዝም የሚያሰኝ ሥራ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ።

ጥፋቴ ለአባየ መንገሬ ነው። «ከምን እንጨት ልትሠሪው ነው?» አሉኝ። ከባሕር ዛፍ አልኋቸው። እንደ ታመመ ሰው አዩኝ። «ክረምት ሳይገባ ይለመጥብሻል። የፑል ዱላ የሚሠራው ከፑል ዱላ ነው። የአሮጌው እንጨት ሃያ ዓመት ደርቋል፤ ከእንግዲህ የሚጣመምበት ምክንያት የለውም» አሉ። በማግሥቱ ጋቢያቸውን ደርበው ወጡ፤ ምሳ ሰዓት ላይ አራት ስብርባሪ ታቅፈው ገቡ። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ቤቴ ቤት መሆኑ ቀረ።

ያልገቡበት ፑል ቤት የለም። ጅጋ ድረስ ሄደው አንዲት ሴትዮ መጋረጃ የሰቀለችበትን ዱላ አስወርደው፣ በምትኩ ቀርከሃ ሰቅለውላት መጡ። አንዱን ከዶሮ ቆጥ ነው የነቀሉት፤ ኩሱ እንኳ አልለቀቀም ነበር። አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ጤፌ በሦስት ፌስታል ተከፋፍሎ ወለሉ ላይ ተቀምጧል፤ በርሜሉ ውስጥ ዱላ ቆሞበታል። «ጤፍ የትም ይቀመጣል፤ ይህ ግን ቀጥ ብሎ ካልቆመ ይበላሻል» አሉኝ። ምን ትያቸዋለሽ? አሁን ደግሞ እያንዳንዱን ጆሯቸው ላይ አስጠግተው በጣታቸው ይቆረቁሩታል። «ይሄ ጤነኛ ነው፣ ይሄ ውስጡ ተሰንጥቋል» ይላሉ። በጣም የሚያናድደኝ አለመሳሳታቸው ነው።

ሥራውም ትዕግሥት የሚፈትን ነው። የተሰበረውን ቆርጠሽ ትጥያለሽ፤ ጫፉ ላይ የተለጠፈችውን ቆዳ ታነሻለሽ፤ ቀለሙን ትፍቂያለሽ። ከሁለት ስብርባሪ ጤነኛ ጤነኛውን መርጠሽ አንዱን በሌላው ሰክተሽ በኮላ ታያይዣለሽ። ሲደርቅ ማሽን ላይ እያሽከረከርሽ በመሮ እንደ ጧፍ ታቀጥኚዋለሽ። መሀል ላይ መብራት ከጠፋ ደግሞ ቁጭ ብለሽ መጠበቅ ነው።

አንዳንዱ ዱላ እንዲከብድ ተብሎ በወፍራሙ በኩል ውስጡ ብሎን ተቀብሮበታል፤ ከውጭ አይታይም። አባየን «ብረት ያለበትን ለብቻ ያድርጉልኝ» ብዬ ለመንኋቸው፤ እሺ አሉ። ዓይናቸው ግን እንደ ድሮው አይደለም፤ ይህን ደግሞ አምነው አይቀበሉም። መጋቢት ሃያ ስምንት ቀን ረፋድ ላይ እሳቸው የመረጡልኝን እንጨት ሳሽከረክር መሮዬ ብሎኑን አገኘው። እንደ ጥይት ነው የጮኸ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ደንግጦ ወጣ። የመሮው ስባሪ ከቅንድቤ በላይ ገባ። ጤና ጣቢያ አራት ቦታ ሰፉኝ። ዓይኔን የሳተው በአንድ ጣት ነው። በስልክ ያልነገርሁሽ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው፤ አሁን ድኗል፣ ጠባሳው ብቻ ቀርቷል።

ስመለስ አባየ ያን ብሎን ጨብጠው በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። አፌን መያዝ አቃተኝ፣ እታለሜ። «ቤቴን የቆሻሻ መጣያ አደረጉት! ከእንግዲህ አንዲት እንጨት ይዘው በዚህ በር እንዳይገቡ! ንግሥቴ ትውሰድዎት፤ እኔ አልቻልሁም!» አልኋቸው። ያን ያህል ሰው እየሰማ። ብሎኑን ኪሳቸው ከተው ወደ ውስጥ ገቡ።

በማግሥቱ ጠዋት አልጋቸው ባዶ ነበር። ኪዳን ሊያደርሱ ሄደው ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ብጠይቅ ያያቸው የለም። መናኸሪያ ብሄድ ተራ አስከባሪው «ጋሽ ይሄይስ በመጀመሪያው መኪና ወደ ቡሬ ሄደዋል» አለኝ። ከሰዓት በኋላ መንገዱ ተዘጋ። ስልካቸውን ትራሳቸው ሥር ትተውት ነው የሄዱ። በጾም፣ በሰባ አራት ዓመታቸው፣ እኔ በሰው ፊት ያዋረድኋቸው አባቴ! ሦስት ቀን አንድም ወሬ አልመጣም። በሁለተኛው ቀን አንቺ ደውለሽ «አባየስ?» ስትይኝ «ቤተ ክርስቲያን ናቸው» ያልሁሽ ውሸት ነው። ይቅር በይኝ። እውነቱን ብነግርሽ ካለሽበት ሆነሽ ከማልቀስ በቀር ምን ታደርጊ ነበር? ማሽኑን አልነካሁም፤ እህልም አልወረደልኝም። በሩን ከፍቼ አስፋልቱን ሳይ ነው የዋልሁ።

በአራተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ በእግራቸው መጡ። መኪናው መንገድ ላይ ማንኩሳ ከተማ አውርዷቸው ተመልሶ ነው። እስከ ጉልበታቸው አቧራ ሆነዋል። ብብታቸው ሥር ምን ይዘው ይመስልሻል? አምስት የፑል ዱላ! ልሳቅ ላልቅስ አላወቅሁም። ግን አለመቆጣቴን ሲያዩ የጋቢያቸውን ጫፍ ፈቱና አንድ ከባድ ጥቁር ነገር አወጡ። የትልቅ ድምፅ ማጉያ ማግኔት ነው። «ቡሬ ሬዲዮ ጠጋኙ ክንዱ ዘንድ ይህን ልለምን ነው የሄድሁ። ዓይኔ አላየልሽም፤ ይህ ያይልሻል» አሉኝ። ይቅርታ ልጠይቅ ከንፈሬን ሳንቀሳቅስ «ውሃ አምጭልኝ» ብለው አስቆሙኝ።

ጠጥተው እንኳ ሳያርፉ ቤት ውስጥ ያለውን ዱላ ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ በማግኔቱ ዳበሱት። ከሠላሳ አንዱ ዘጠኙ ብረት ነበረባቸው። ከዘጠኙ ሁለቱ እኔ ራሴ ደኅና ናቸው ብዬ ለማሽን ያዘጋጀኋቸው ናቸው። ፈጠን ብዬ ከሰባቱ ጋር ደባለቅኋቸው። አባየ አላዩም፤ ወይም እንዳላዩ ሆኑ።

ለዳግማይ ትንሣኤ ዐሥራ ሁለቱን አደረስሁ። ዐሥራ አንዱ ከአሮጌዎቹ ነው። አንዱን ግን እልህ ይዞኝ ከባሕር ዛፍ ሠራሁት፤ ለአባየም አልነገርሁ። አቶ ስመኘው እያንዳንዱን ጠረጴዛው ላይ እያንከባለለ አየ። ዐሥራ አንዱ እንደ ውሃ ፈሰሱ። አንዱ እየዘለለ ሄደ። አባየን ሳል ያዛቸው። ረጅም ሳል። ያን ሳላቸውን ታውቂዋለሽ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄሽ። በዚያ በተጣላን ቀን ቢሆን «ነገ ውሰጃቸው» እልሽ ነበር። አባየ ከሄዱበት ከተመለሱ በኋላ ደግሞ «አይነኩብኝ» ልልሽ ነበር። ነገር ግን እኔ ሳልወስን መምህር ቴዎፍሎስ ድሬዳዋ ውስጥ አሮጌው ባቡር ይሠራ በነበረበት ጊዜ የተከፈቱ አሮጌ ፑል ቤቶች አሉ ብሎ ነገራቸው። «የዚያን ጊዜ እንጨት ዛሬ የለም» እያሉ ከአሁኑ ልብሳቸውን ማጣጠፍ ጀምረዋል። ከመስቀል በኋላ መንገዱ ደኅና ከሆነ ይመጡልሻል። ሊያርፉ እንዳይመስልሽ፤ ለምናለም አስቀድመሽ ንገሪው። ስትቀበያቸው ዓይናቸውን ለሐኪም አሳይልኝ፤ እኔን አይሰሙም፣ አንቺን ግን እምቢ አይሉም። ለኅዳር ጽዮን መልሰሽ ላኪልኝ፤ አንድ ሳምንት እንዳትጨምሪ። አቶ ስመኘው ሌላ ስምንት አዟል፤ እንጨት የሚመርጥልኝ ሌላ ሰው የለኝም።

ለምናለ ሰላምታዬ ይድረሰው። ሄቨንን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ፤ አክስቷ የምትልክላትን እርሳስ ማስቀመጫ ራሷ ናት ያሽከረከረችው በያት። የእማማ ውዳሴን ጉልበት ሳሚልኝ። አባየ ደብዳቤ እንደምጽፍልሽ አውቀዋል፤ ምን እንደምጽፍ ግን አያውቁም። እንደ ወትሮው መርቀውሻል። ደግሞም «ቴዎፍሎስ ሲመለስ እጁን ባዶ እንዳትልከው በያት» ብለዋል። ምን ማለታቸው እንደሆነ አይጠፋሽም።

እህትሽ እናኑ ይሄይስ
ፍኖተ ሰላም፣ ግንቦት ፲፱ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.