ቦንጋ መርዶህን የሰማች ቀን

አባዬ፣ የኔ ደግ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ገባ። እስከ ዛሬ አንድ መስመር እንኳ ያልጻፍኩልህ ረስቼህ አይደለም፤ የሚጻፍ ነገር ስላልነበረኝ ነው። እማዬ ታለቅሳለች፣ እኔ ሥራ ውዬ እገባለሁ፤ ይሄ ምኑ ይጻፋል? አሁን ግን ቦንጋ ደርሼ መጣሁ። ይሄን ላንተ ሳልነግር ለማን ልነግር ነው?

በመጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። እማዬ ደህና ናት፣ ጉልበቷ ነው እንጂ። ፎቶህን ከሳሎን አንስታ መኝታ ቤቷ ሰቅላዋለች። ጠዋት ጠዋት አቧራውን እየጠረገች ትቆጣሃለች፤ ኮት ልበስ ብዬህ አልነበር ወይ እያለች። የገደለህ ብርድ ነው ብላ ደምድማለች። ሐኪሙ ያለውን ብነግራት፣ እሱ ምን ያውቃል፣ ቦንጋ እያለ ስንት ዝናብ ችሎ ሐዋሳ ሲመጣ ነው የታመመው ትለኛለች። ሐዋሳንም እንደሆነ አልለመደችውም። ሐይቅ ዳር ወርደን እንናፈስ ስላት ውሃ ምኑ ይታያል ብላ ታሳፍረኛለች። አንተም አልለመድክም ነበር፣ አውቃለሁ። የቦንጋው ጨርቅ ሱቃችን ለመንገድ ተብሎ ሲፈርስ ጠቅልላችሁ እኔ ዘንድ ከገባችሁ ጀምሮ፣ ምሽት ላይ በር በሩን ታያለህ። ማን ይመጣል ብዬ ስጠይቅህ፣ ኧረ ማንም፣ ትለኝ ነበር።

የቀበርንህ አገርህ ነው። አገርህ ስል እስክሪብቶው ይከብደኛል። አጎቶቼ መኪና ይዘው ከአዲስ አበባ መጡና አገሩ ነው የሚያርፈው አሉ፤ ያን ጊዜ ማን ምን ይናገራል? ልጅ ሆነህ የወጣህበት መንደር ወሰድንህ። ሰዎቹ ደጎች ናቸው፤ አቅፈውኛል፣ ደግፈውኛል። ግን ለቅሶው በጉራግኛ ሲወርድ አንዲት ቃል አልገባኝም። ሰው ሲያለቅስ አለቅሳለሁ፣ ሰው ሲያርፍ ዐርፋለሁ። ሴቶቹ እኔን እያሳዩ የከፋዋ ልጁ ናት ይባባላሉ። እነሱ የሚያለቅሱለት በልጅነቱ ወጥቶ የቀረውን ዘበርጋን ነው። ቦንጋ ላይ ጨርቅ ሲለካ ያረጀውን፣ የኔን አባት፣ የሚያውቅ አንድ ለቀስተኛ እንኳ አልነበረም። አባዬ፣ ይሄ አንጀቴን በላው። ቦንጋ ደግሞ መሞትህን አልሰማችም። የያዝናቸው የቦንጋ ስልክ ቁጥሮች አይሠሩም፤ ከእኛም ሁሉም ሌላው የነገረ እየመሰለው ነገሩ ተዳፍኖ ቀረ።

እንግዲህ በዚህ ሁኔታ ላይ እያለሁ ነው ቢሮው ለስልጠና ቦንጋ የላከኝ። ከሰዓት በኋላ ያለው ፕሮግራም ተሰረዘ፤ አሠልጣኙ ከሚዛን ሲመጣ መኪናው ሺሺንዳ ላይ ተበላሽቶበት። ባልደረቦቼ ሆቴል ገብተው ተኙ፣ እኔ ጃንጥላዬን ይዤ ብቻዬን ወጣሁ።

ብታይ ትስቅ ነበር። ገና ሆቴሉ በር ላይ አንድ ባለባጃጅ ቆሞ፣ እህት፣ ከተማውን ላስጎብኝሽ አይለኝም መሰለህ! እኔን! የተወለድኩበትን ከተማ! ልቆጣው አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ከየት እንደመጣሁ ቢጠይቀኝ ምን እንደምመልስለት አላወቅኩም። የሆቴሉ እንግዳ መዝጋቢም ጠዋት የሐዋሳ መታወቂያዬን አይታ፣ ቦንጋን እንዴት አገኟት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የመጡት ብላኛለች።

የመጀመሪያ መታወቂያዬን ያወጣን ቀን ትዝ ይልሃል? ቀበሌ አብረን ሄደን፣ ጸሐፊው ብሔር ሲል አንተ ቀደም ብለህ እዚሁ ቦንጋ ነው የተወለደችው አልከው። ጋሽ ዘበርጋ፣ የትውልድ ቦታውንማ ጽፌዋለሁ ብሎ ሳቀ። አንተም ሳቅህ። እኔ ግን አልሳቅኩም። እስከ አራተኛ ክፍል ድረስ አንተ ራስህ የከፋ ሰው አለመሆንህን አላውቅም ነበር። ከየት አውቃለሁ? ዋጫ ገበያ ስንሄድ መኪናው ጭቃ ውስጥ ገብቶ፣ አንተ እኔን ጀርባህ ላይ አዝለህ፣ ሱሪህን እስከ ጉልበትህ ሰብስበህ፣ ከሚገፉት ሰዎች ጋር በቋንቋቸው በካፊኖኖ ትቀልድ ነበር። እነሱ በሳቅ እየወደቁ መኪናውን መግፋት አቃታቸው። እንዲህ የሚያስቅ ሰው የዚያ አገር ሰው ካልሆነ የየት ነው?

ብቻ ሄድኩ። መንገዱ አስፋልት፣ ውስጥ ውስጡ ኮብልስቶን ሆኗል። ባንኮች፣ ሰማያዊ መስታወት የለበሱ ፎቆች፣ የሞባይል ሱቆች። የትምህርት ቤቴን አጥር ተከትዬ ወርጄ ጠፋሁ፤ እውነቴን ነው፣ ቦንጋ ላይ ጠፋሁና አንዲት ተማሪ መንገድ ጠየቅኩ። ሱቃችን የነበረበትን ያወቅኩት ከማዶ ባለው ትልቁ ዛፍ ነው። ሱቁ የለም፣ ቦታውም የለም፣ መንገዱ ወስዶታል። መሃል አስፋልት ላይ ቆሜ፣ እዚህ ጋ ባንኮኒው፣ እዚህ ጋ የአንተ በርጩማ እያልኩ ስለካ አንድ አይሱዙ ክላክሱን አስጮኸብኝ፤ ሹፌሩ ተሳደበ፣ እኔም ተሳደብኩ። ዳር ወጥቼ አለቀስኩ። ማንም ምን ሆነሽ አላለኝም። በእኛ ጊዜ አንድ ሰው መንገድ ዳር ሲያለቅስ ዝም ተብሎ ይታለፍ ነበር? ወይስ አልፈውኝ የሄዱት ስለማያውቁኝ ነው? የጉራጌዎቹ የከፋዋ፣ የቦንጋዎቹ እንግዳ፤ ታዲያ እኔ የማን ነኝ?

ገበያ ገባሁ። ቅቤ ተራ ጋ ስደርስ አንዲት ባልቴት አተኩረው ያዩኛል። አለፍኩ። ከኋላዬ፣ አንቺ፣ የዘበርጋ ልጅ አይደለሽም፣ የሚል ድምፅ ሰማሁ።

አባዬ፣ እትዬ ብርቄ ናቸው! የሱቃችን በረንዳ ላይ ቅቤ ይሸጡ የነበሩት፣ ዝናብ ሲመጣ ቅላቸውን ባንኮኒ ሥር የምታስቀምጥላቸው። እንዴት ዘለልኩ መሰለህ! እንደ ልጅ አንገታቸው ላይ ተጠመጠምኩ። በካፊኖኖ አወሩኝ፣ ግማሹ ገባኝ፣ ግማሹን በአማርኛ ደገሙልኝ። አገባሽ ወይ፣ እናትሽስ፣ ምነው ከሳሽ፣ ሁሉን ጠየቁኝ። ከዚያ ጉንጬን ይዘው፣ ጋሽ ዘበርጋስ ደህና ናቸው አሉኝ።

ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን አልኳቸው።

ምን ልበላቸው? ገበያ መሃል፣ ቅቤ በእጃቸው ይዘው፣ ሰው እየተጋፋን፣ ሞቷል ልበላቸው? መርዶ እንዲህ አይነገርም፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ነጋ ሲል፣ ቤታቸው ተገብቶ፣ ሰው ደግፏቸው ነው። አንተ ነህ ያስተማርከኝ። የሰው መርዶ ይዘህ ቀኑን ሙሉ ከሰውዬው ጋር እየሳቅክ ስትውል አይቻለሁ። እኔም ሳቅኩ። ያ የድሮው ሳሉስ ሲሉኝ ተሽሎታል አልኩ። የሚገርምህ ግን፣ አባዬ፣ ደስም አለኝ። ለጥቂት ጊዜ አንተ ሐዋሳ ቁጭ ብለህ ጋዜጣ የምታነብ መሰለኝ።

እሳቸው ግን እዚያ ላይ አልተውኝም። ጠብቂኝ ብለው ሄደው የጫካ ማር በጣሳ ይዘው መጡ። ለሳሉ ነው፣ ከእትዬ ብርቄ ነው በይልኝ አሉኝ። እምቢ ብል ይቀየሙኛል፤ ብቀበል ደግሞ ለማን ላደርሰው ነው? ተቀበልኩ። ጣሳውን አቅፌ በዝናብ ውስጥ ስንከራተት አመሸሁ። ጃንጥላዬን እዚያው ገበያ ረስቼዋለሁ።

እግሬ ጋሽ አድማሱ ቤት ወሰደኝ። አራተኛ ክፍል ያስተማሩኝ፣ የእድሩ ዳኛ የነበሩት። ቤታቸው ከነበረበት አልተነቃነቀም። በር ሲከፍቱ ፊቴንም ጣሳውንም አይተው አስገቡኝ። ሁሉን ነገርኳቸው። ደህና ነው ማለትሽ ደግ ነው፣ ግን ከነጋ በኋላ ውሸት ይሆናል አሉኝ። እዚያው አሳደሩኝ።

ሲነጋጋ ሽማግሌዎቹን ሰብስበው ወደ እትዬ ብርቄ ቤት ሄድን። ደጃፋቸውን እየጠረጉ ነበር። በዚያ ሰዓት፣ ያን የሚያህል ሰው፣ ነጠላ አዘቅዝቆ ሲመጣ ያየ መቼም አይሳሳትም። መጥረጊያው ከእጃቸው ወደቀ። እኔን ነው ያዩት። ትናንት ደህና ነው አላልሽኝም አሉኝ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እኔም አላስታውሰውም፣ ተያይዘን መሬት ላይ ነበርን። ማሩን ልመልስላቸው ብል ተቆጡኝ፤ ለእናትሽ ውሰጂ፣ እሷስ አትስልም ወይ አሉኝ።

ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የከበደው ገና ነው። ጋሽ አድማሱ ጡሩምባ ይነፋ፣ ድንኳን ይጣል ሲሉ የአሁኑ የእድር ጸሐፊ፣ ወጣት ነው፣ በትሕትና ተቃወመ። ሰውዬው ከእድሩ ከወጡ ቆይተዋል፣ ደንቡ አይፈቅድም፣ ደግሞም አገራቸው አልቅሶላቸዋል አለ። ክፉ ልጅ አይደለም፣ ያለው ሁሉ እውነት ነው። እኔም ግድ የለም፣ ይቅር ልል ነበር። ሌላ ምን መብት አለኝ? ጡሩምባ ነፊውም ግራ ገብቶት፣ ምን ብዬ ልጥራቸው፣ የጉራጌው ነጋዴ ልበል ወይ ብሎ ጠየቀ።

እትዬ ብርቄ ከተቀመጡበት ተነሡ። እኚያ ለስላሳዋ ሴትዮ፣ አባዬ፣ እንዲያ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም። የዚያን ልጅ ፊት እያዩ፣ አባትህ ሲሞት ከነጋ እስኪመሽ ቆሞ የድንኳኑን ገመድ ያሰረው ማን ነው? አንተ ያኔ በእናትህ ጀርባ ነበርክ፣ አታውቅም። እኔ አውቃለሁ አሉት። ልጁ ቀስ ብሎ ወጣና ከዕቃ ቤቱ ድንኳኑን ራሱ ተሸክሞ መጣ።

ጡሩምባው ተነፋ። ሰውዬው ከቅቤ ተራ ጀምሮ፣ በትምህርት ቤቴ አጥር፣ በዚያ ትናንት በጠፋሁበት ሰፈር፣ ሱቃችን በነበረበት አስፋልት አልፎ ሄደ። ድምፁ ሲርቅም ሲቀርብም እሰማዋለሁ። ምን እያለ እንደጠራህ ልንገርህ? ያገራችን ሰው ዘበርጋ ዐርፏል፣ ስሙ፣ ያገራችን ሰው ዘበርጋ ዐርፏል ነው ያለው። ማንም እንዲህ በል አላለውም።

መጡልህ። ክርስትና ያነሳሃቸው ልጆች የራሳቸውን ልጆች ይዘው መጡ። እንዲህ ብሎን ነበር፣ እንዲህ አስቆን ነበር እያሉ በካፊኖኖ ሙሾ አወረዱልህ፣ እኔም ቃሉን ባልይዘውም አንተን አወቅኩህ። ጎረቤታችን የነበሩት ሙስሊም ነጋዴ ዱዓ አደረጉልህ። በማግስቱ ከዋጫ ሳይቀር ሰው መጣ። እኔን ከእትዬ ብርቄ ጎን፣ የሐዘንተኛው ቦታ ላይ አስቀመጡኝ። የገባው ሁሉ ጎንበስ ብሎ እግዜር ያጽናሽ ይለኛል፤ ከየት ነሽ ያለኝ አንድ ሰው የለም። ስልጠናውም ቀረ፤ አለቃዬ ይቆጣል፣ ይቆጣ።

ማታ ለእማዬ ደውዬ ነገርኳት። ከዚያ፣ ማን ማን መጣ ብላ ጠየቀችኝ። ስም በጠራሁ ቁጥር እሰይ ትላለች። አሁን በየቀኑ መቼ ነው የምትወስጂኝ እያለች ታስቸግረኛለች። ዝናቡ ጋብ ሲል ይዣት እሄዳለሁ። መቃብርህ ያለበትም እንሄዳለን፣ አንተንም የወለደ መንደር ነውና አልተወውም፤ ቋንቋውንም ቢሆን ትንሽ ትንሽ እማራለሁ። ተዝካርህን ግን በየዓመቱ ቦንጋ ነው የማወጣው፣ እድሩ ውስጥ ተመዝግቤ፣ በራሴ ስም። ልጆች ስወልድ ስምህን ሳይጠይቁኝ እነግራቸዋለሁ፤ የየት ሰው ነበር ሲሉኝም አሁን የምመልሰው አለኝ።

ማታ ማታ በር በሩን ስታይ ትጠብቅ የነበረው እነሱን እንደነበር ገብቶኛል። መጥተዋል፣ አባዬ። ሁሉም መጥተዋል።

ልጅህ
ወይንሸት