በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ

ደሴ፣ ኅዳር 20 ቀን 2009 ዓ.ም.

ውድ ፋኢዛ፣

ስትደውይ የማላነሳው ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ሰኞ ገበያ ያለችው ፎቶ ኮፒ ቤቴ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ ስምሽን ስልኬ ላይ እያየሁ እስኪቋረጥ እጠብቃለሁ። በመጨረሻ ያነሳሁልሽ ቀን፣ «እናቴን ባልቀብራትም ድምፅዋ አለኝ፤ መክፈቻ ፓስዎርዱን ላኪልኝ» አልሽኝ። አንደበቴን የያዘው ይህ ቃልሽ ነው። ድምፃቸው የለም ፋኢዛ። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

ሳትነግሪያቸው ጅዳ በመሄድሽ እናትሽ እማማ ከይሪያ ስልክሽን አልቀበልም እንዳሉ ቀሩ። አልጋ ላይ ሲውሉ ላገናኝዎት ብላቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ልቅዳዎትና ትስማው» ስላቸው ግን እሺ አሉ። ያኔ ነው ለጀማሪ አንድ ወር በነጻ የሚሰጥ ሰርቨር ያገኘሁት። ባሕር ማዶ ያለ፣ መብራት የማይጠፋበት ኮምፒውተር ነው፤ እኔ ከደሴ አዝዘዋለሁ፣ አንቺ በአሠሪዎችሽ ኮምፒውተር ተደብቀሽ ትሰሚያለሽ። በየሐሙሱ ሱቄን ዘግቼ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ፣ እናትሽን በስልኬ ቀድቼ እመለሳለሁ፣ ሰርቨሩ ላይ እጭናለሁ። ስልኬ ቶሎ ስለሚሞላ የጫንኩትን ከስልኬ አጠፋለሁ። ማጥፋቴን ልብ በይልኝ።

አራት ሐሙስ ቀዳኋቸው። ሁለቱን ሰምተሻል፤ ስለ ጎረቤትና ስለ ዝናብ ብቻ ነበር፣ ኩርፊያቸው ገና አልበረደም። በሦስተኛው ደጋን መንገድ ላይ የጭነት መኪና ውስጥ እንዴት እንደ ወለዱሽ እየሳቁ ተናገሩ። በአራተኛው፣ «አፉ ብያታለሁ። ወላሂ ቅያሜ የለኝም፤ አብሽሪ በያት» አሉ። አለቀስኩ። እሳቸው ግን ጭራሽ ቀለል ብሏቸው ውኃ ጠየቁኝ።

በመካከሉ የአሠሪሽ ልጅ የምትሰሚበትን ገጽ ከፍቶ በእናትሽ ድምፅ ሲስቅ እንዳገኘሽው ነግረሽኝ፣ ማንም እንዳይሰማው ቆልፊልኝ፣ እስከዚያ አልከፍተውም ብለሽኝ ነበር። አራተኛውን በጫንኩበት ቀን መቆለፍ ጀመርኩ። የሰርቨሩን መዝገብ ስከፍት ከማላውቀው አገር ሁሉ በሺ የሚቆጠር ሰው ፓስዎርዱን እየገመተ ሲያንኳኳ አየሁ። ፋየርዎል የሚባል ዘበኛ አለ፤ ያላስተዋወቁትን ሁሉ ይመልሳል። መመሪያው መጀመሪያ የራስሽን መግቢያ አስተዋውቂው፣ ከዚያ አቁሚው ይላል። እኔ ከድንጋጤዬ ብዛት ቀድሜ አቆምኩት። እኔንም መለሰኝ።

ስክሪኑ ደረቀ። ኔትወርክ በየጊዜው ይዘጋ ስለነበር፣ በዚያ ሰሞን እዚህ ስክሪን ሲደርቅ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ሁሉም ኔትወርክ ሄደ ይልና ሱቁን ዘግቶ ይሄዳል። እኔም ዘግቼ ሄድኩ። አንድ ሌላ ገጽ ብሞክር ኖሮ ኔትወርኩ እንዳለ፣ በሩን በራሴ ላይ የዘጋሁት እኔ እንደሆንኩ አውቅ ነበር። ኩባንያው ለእንደኔ ዓይነቷ ሞኝ የጓሮ መግቢያ እንዳለው ያነበብኩት ኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። በማግስቱ ኔትወርኩ እውነትም ሄደ፣ ለአሥራ አንድ ቀን። ሲመለስ የነጻው ወር አልቆ ሰርቨሩ ከነድምፃቸው ተሰርዟል። ለምኜ ጻፍኩላቸው። የተሰረዘ አይመለስም አሉ።

ኔትወርኩ በጠፋበት ሐሙስም ወርጄ ነበር። ትንፋሻቸው አጥሮ፣ እጄን ይዘው፣ «አፉ ማለቴን ሰማች?» አሉኝ። ኔትወርኩ ሲመለስ ትሰማዋለች፣ ምን ቸገረኝ ብዬ፣ «አዎ እማማ፣ ሰምታለች» አልኳቸው። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ቅዳሜ ንጋት ላይ ዐረፉ። ቦርከና ወንዝ ዳር ካለው ቤታቸው እስከ መቃብሩ ድረስ በልቤ የያዝኩት ያቺን ውሸት ነበር።

የዚያ ሐሙስ ቅጂ ብቻ ስልኬ ላይ ቀርቷል፤ መጫን ስላልቻልኩ አላጠፋሁትም። አርባ ሰከንድ ነው። ይህን ደብዳቤ ለዑምራ የምትሄደው ጎረቤቴ ሳፊያ ታደርስልሻለች፤ ሜሞሪ ካርዱ ፖስታው ውስጥ አለ። አፉ ያሉበት የለበትም። ሰምታ እንደሆነ ሲጠይቁ ትሰሚያቸዋለሽ፤ አዎ ብዬ የምመልስላቸው ግን እኔ ነኝ።

አንቺም አፉ በይኝ አልልሽም። ላንቺ የተባለውን አንድ ቃል ያጠፋሁ ሰው፣ በምን አፌ እሱኑ እጠይቅሻለሁ?

ከዛሬ ጀምሮ ስትደውይ አነሳለሁ፤ የፈለግሽውን በይኝ።

ጽናት