የመብራት እርዳታ አለ ያለው ሰውዬ

አያ መለሰ፣

ትናንት አንተ ሐኪም ቤት ሳለህ አንድ ሰውዬ መጥቶ ነበር። «የቆሰሉ ወታደሮችን በመብራት ክፍያ እናግዛለን» አለኝ። እግርህን ካጣህ ወዲህ ለዚሁ እርዳታ ስትንከራተት ስለማይ ደስ ብሎኝ አስገባሁት። ቆጣሪውን ግን ዞር ብሎም አላየው። «የሚተኛው የትኛው ክፍል ነው? ማታስ ማን አብሮት ያድራል?» አለኝ።

ነገርኩት።

ማታ ላጫውትህ አስቤ፣ ቁስልህ ሲጠዘጥዝህ ሳይ ተውኩት። ዛሬ አራዳ መብራት ቢሮ ሄጄ ብጠይቅ «እኛ ማንንም አልላክንም» አሉኝ። ሰውዬው ከእኛ በፊት ኪሩ ቤት ገብቶ እንደነበር ራሱ ነግሮኛል። አብሮህ የቆሰለው ኪሩ ከትናንት ጀምሮ ስልክ አያነሳም። እሱን ለማየት ሄጃለሁ።

ሽሮው ድስቱ ውስጥ ነው፤ ቶሎ ብላ። ከዚያ ምርኩዝህን ይዘህ በጓሮ በኩል ጎረቤታችን እታገኘሁ ቤት ሂድ፤ እዚያው እደር።
የመኝታህን መብራት አብርተህ ተወው። ቆጣሪው የፈለገውን ይቁጠር።

ምነው አስገባሽው እንዳትለኝ። ስንገናኝ ትቆጣኛለህ።

እስክትወጣ በሩ ቢንኳኳ እንዳትከፍት። እኔ ቁልፍ ይዣለሁ፤ አላንኳኳም።

ወለላ